የቀጣዩ የትርዒት ዘመን ሰባት ኦፔራዎች፦ የመጀመሪያውን ቲኬት ለየትኛው ትገዛላችሁ?

ሦስተኛው ሰገነት ጻፈ፦

የምከታተለው የኦፔራ ቤት የቀጣዩን የትርዒት ዘመን ዝርዝር ይፋ አድርጓል። ሰባት ሥራዎች ናቸው፦ የቬርዲ «አይዳ»፣ የሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ»፣ የፑቺኒ «ላ ቦኤም»፣ የሃንደል «ጁሊዮ ቼዛሬ»፣ የሁምፐርዲንክ «ሃንዘልና ግሬትል»፣ የያናቼክ «ዬኑፋ» እና የሳሪያሆ «ኢኖሰንስ»። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝርዝሩን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ከርእሶቹ ይልቅ ቁጥሮቹ ላይ ነው። «ላ ቦኤም» ዐሥር ጊዜ ይቀርባል፣ «አይዳ» ስምንት ጊዜ። «ዬኑፋ» ግን አራት ጊዜ ብቻ። አራት ምሽት ማለት ወሬው ከሰው ጆሮ ሳይደርስ መጋረጃው ተዘጋ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ምሽት ያየ ሰው ለጓደኛው ይነግረዋል፣ ጓደኛው ሲያመነታ ሳምንት ያልፋል፣ ልሂድ ብሎ ሲነሣ ትርዒቱ አልቋል። ከዚያ ባዶ የቀሩት ወንበሮች ይቆጠሩና «ሰው አይፈልገውም» ይባላል፤ ሥራውም ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ይርቃል።

ስለዚህ ልመናዬን በግልጽ ላስቀምጥ። አንድ ቲኬት ብቻ የምትገዙ ከሆነ «ዬኑፋ»ን ግዙ። ሁለትና ሦስት የምትገዙም ብትሆኑ እርሷን አስቀድሙ። «ላ ቦኤም» የትም አትሄድም፤ በሚቀጥለው ዓመት ባትመጣ በሦስተኛው ትመጣለች።

እኔ «ዬኑፋ»ን መጀመሪያ ያየሁት ስለ ሥራው አንዳች ሳላውቅ ነው። መብራቱ ጠፋ። ከኦርኬስትራው ጕድጓድ ውስጥ የዛይሎፎን ድምፅ መጣ፤ አንድ ኖታ፣ እንጨት በእንጨት እንደመምታት ደረቅ፣ ያለማቋረጥ የሚደጋገም። የወፍጮው መንኮራኩር ነው። አንዲት ወጣት፣ ዬኑፋ፣ ከወፍጮው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ፍቅረኛዋ ሽቴቫ ለውትድርና ተመልምሎ እንደሆነ የሚነግራት ሰው ነው የምትጠብቀው። ከተመለመለ ጋብቻው ይቀራል፤ በሆዷ ያለው ልጅ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳኝም፤ ያ ደረቅ ኖታ ሲመላለስ ጭንቀቷ ወደ እኔ ተጋባ።

በሁለተኛው ገቢር ልጁ ተወልዷል። እንጀራ እናቷ ኮስተልኒችካ በመንደሩ የተከበረች፣ ቤተ ክርስቲያኑን የምትንከባከብ ሴት ናት። ነውሩን ለመሸፈን ዬኑፋን ከነልጇ ቤት ውስጥ ደብቃታለች። ሽቴቫ ሊያገባት አይፈልግም። የእንጀራ ወንድሙ ላትሳ ይፈልጋታል፤ ግን ልጅ መወለዱን ሲሰማ ያመነታል። በዚያች ቅጽበት ኮስተልኒችካ «ልጁ ሞቷል» ትለዋለች። ቃሉ ካፏ ወጥቷል። ልጁ ግን በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ተኝቷል። አሁን ውሸቷን እውነት ማድረግ ሊኖርባት ነው። ለብቻዋ ቀርታ የምትዘምረውን ስሰማ ወንበሬን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ትወዳታለች። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

እናንተስ? የመጀመሪያው ቲኬታችሁ የማን ነው?

የሸክላ ሰብሳቢ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ስለ «ዬኑፋ» ያልኸው ሁሉ ትክክል ነው። ግን «ላ ቦኤም»ን እንደ አውቶቡስ ሁልጊዜ የምትመጣ ነገር አድርገህ ማየትህ አሳዝኖኛል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ኖሬአለሁ። ቱሪን ውስጥ በየካቲት 1 ቀን 1896 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀርብ ኦርኬስትራውን የመራው ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቶስካኒኒ ነበር። ያን ጊዜ ተቺዎቹ አላከበሯትም፤ ያኖራት ሕዝቡ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በመጨረሻው ገቢር በጽኑ የታመመችው ሚሚ አልጋው ላይ ናት። ጓደኞቿ መድኃኒት ያሞቃሉ፣ ፍቅረኛዋ ሮዶልፎ ብርሃኑ ዓይኗን እንዳይወጋት መስኮቱን ይጋርዳል። መሞቷን መጀመሪያ የሚያየው ጓደኛቸው ሾናር ነው፤ ለሌላው ጓደኛቸው ለማርቼሎ በጆሮው ይነግረዋል። ከዚያ ሁሉም ያውቃል፤ ኦርኬስትራው ያውቃል፣ አዳራሹ ያውቃል፣ ከሮዶልፎ በቀር። ፊታቸውን አይቶ «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታዩኝ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። በሕይወቴ ብዙ ኀዘን ቤት ተቀምጫለሁ፤ እውነቱን የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነበትን ክፍል ፑቺኒ እንዳወቀው ያወቀ የሙዚቃ ደራሲ አላገኘሁም።

ዐሥር ምሽት አይበዛባትም። በየዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማት ሰው አለ።

አዲስ አድማጭ ጻፈች፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ገና ኦፔራ ቤት ገብቼ አላውቅም። ውይይታችሁን አንብቤ ግን አንድ ቲኬት ለመግዛት ወስኛለሁ። ሦስት ጥያቄ አለኝ። ዘፋኞቹ በእርግጥ ያለ ማይክሮፎን ነው የሚዘፍኑት? ቋንቋውን ሳላውቅ እንዴት እከታተላለሁ? ደግሞስ ለጀማሪ «ዬኑፋ» አትከብድም? ሦስተኛው ሰገነት፣ እርስዎ አንዳች ሳያውቁ አየሁ ስላሉ ነው የደፈርሁት።

አልቶ ከኋላ ረድፍ ጻፈች፦

እንኳን መጣሽ እህቴ። እኔ በኅብረ ዝማሬ ቡድን ውስጥ እዘፍናለሁ፤ የትኛው ቤት እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም።

ማይክሮፎን የለም። አንድ ሰው ከስልሳና ሰባ መሣሪያ በላይ ድምፁን የሚያሰማው በጩኸት አይደለም። የኦርኬስትራ ድምፅ ጉልበቱ በብዛት ያለው ዝቅ ባሉት ድግግሞሾች፣ 500 ኸርዝ አካባቢ ነው። የሠለጠነ ዘፋኝ ጕሮሮውን አስተካክሎ ድምፁን 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያጠነክረዋል፤ እዚያ ደግሞ ኦርኬስትራው ደከም ይላል። በመሣሪያዎቹ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ያልፋል ብትዪ ይቀላል። አዳራሹ ውስጥ ስትሰሚው ድምፁ ከመድረኩ ሳይሆን ከአጠገብሽ የመጣ ይመስልሻል።

ቋንቋውን በሚመለከት ከመድረኩ በላይ የትርጉም ሰሌዳ አለ። ይህ አሁን ተራ ነገር ቢመስልም ብዙ ዕድሜ የለውም። በቶሮንቶ የካናዳ ኦፔራ ኩባንያ በጥር 1983 «ኤሌክትራ»ን ሲያቀርብ ነው የተጀመረው።

ስለ «ዬኑፋ» ደግሞ ከውስጥ ሆኜ ልንገርሽ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ዘፍነነዋል። ቼክኛ ከመካከላችን የሚናገር አልነበረም። የቋንቋ አሠልጣኟ ለሦስት ሳምንት አፋችንን ገራችው፤ ያለ አናባቢ የሚነገሩ ቃላትን እየደጋገምን ምላሳችን ደከመ። ያናቼክ ኪሱ ውስጥ ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። የገበያተኛን፣ የሕፃንን፣ የመንገደኛን ንግግር ይሰማና የድምፁን መውጣትና መውረድ በኖታ ይጽፋል። ዜማው ከንግግሩ ስለሚነሣ ቃሉን በትክክል እስክትጠሪው ድረስ ዜማው ልክ አይመጣም። አንድ ቀን ግን ገባን። የምልመላውን መዝሙር ስንዘፍን አሠልጣኟ እርሳሷን አስቀመጠችና ዝም ብላ አዳመጠችን።

ከዚያ በኋላ ዘፋኞችና ኦርኬስትራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙበት ልምምድ መጣ። ያን ቀን ትወና የለም፤ ሁሉም ተቀምጦ ይዘምራል። ለሳምንታት በፒያኖ ብቻ ስንለማመድ ከቆየን በኋላ ያንን የዛይሎፎን ኖታ ስንሰማ አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ክንዴን ያዘችኝ። ማናችንም ተራችን ገና ነበር፤ ሁላችንም ግን ኖታችንን ዘግተን ኦርኬስትራውን ስናዳምጥ ቆየን።

ለጀማሪ አይከብድም። ርዝመቱ ከብዙዎቹ ያነሰ ነው፣ ታሪኩ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚዘፍኑት ሰዎች ነገሥታትና አማልክት ሳይሆኑ ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ናቸው።

መጋረጃ ጀርባ ጻፈ፦

የመድረክ ሠራተኛ ነኝ። ሦስተኛው ሰገነት የተቆጣበትን ቁጥር ከእኛ በኩል ላሳየው።

«ላ ቦኤም» ዐሥር ጊዜ የምትቀርበው የመድረክ ግንባታዋ ከዓመታት በፊት ስለተሠራ ነው። ጣሪያው፣ ምድጃው፣ የካፌው በረንዳ ሁሉ ቁጥር ተጽፎበት በኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጧል። አውጥተን እንገጣጥመዋለን፤ ረዳት አዘጋጁ የድሮውን መዝገብ ይዞ አዲሶቹን ዘፋኞች ቦታ ቦታቸውን ያሳያቸዋል፤ በሁለት ሳምንት ልምምድ ትከፈታለች። «ዬኑፋ» በዚህ ዘመን አዲስ ዝግጅት ነው። ግንባታው ከዜሮ ይሠራል፣ አልባሳቱ ይሰፋል፣ ዘፋኞቹ ስድስት ሳምንት ይለማመዳሉ። «ላ ቦኤም» የምታመጣው ገንዘብ ባይኖር «ዬኑፋ» አራት ምሽት ቀርቶ አንድም አትታይም ነበር። እነርሱ ተቀናቃኞች አይደሉም፤ አንዷ ሌላዋን ተሸክማ ነው የምታቆማት።

ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይሠሩም ደግሞ። የቪየና ግዛት ኦፔራ በአንድ ዘመን ወደ 50 የሚጠጉ ኦፔራዎችን እያፈራረቀ ያቀርባል፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። እዚያ የመድረክ ሠራተኛ ሌሊት ሲያፈርስ ጠዋት ሲገነባ ነው የሚኖረው። እንደ እኛ ያለው ቤት ግን አንዱን ሥራ ይዞ ለተወሰኑ ምሽቶች ያቀርበዋል፣ ይጨርሰዋል፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ጥቅሙ ሁሉም ነገር በደንብ ተለማምዶ መቅረቡ ነው። ጉዳቱ ያው ሦስተኛው ሰገነት ያለው ነው፤ ያለፈህ አለፈህ።

«ላ ቦኤም» ቀላል እንዳትመስላችሁ። የሁለተኛው ገቢር ሙዚቃ 20 ደቂቃ አይሞላም። በዚያች 20 ደቂቃ ውስጥ ካፌ፣ ጎዳና፣ የሕፃናት መዘምራን፣ የወታደር ሰልፍ አለ። ከጠባቡ የጣሪያ ክፍል ወደዚያ ጎዳና የምንለውጠው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳይናገር። አንድ የተረሳ ወንበር አንድ ሕፃን ይጥላል። ከመጋረጃው በፊት እኔ ራሴ ወለሉን በእጄ እየዳሰስሁ አልፋለሁ።

ሦስተኛው ሰገነት ጻፈ፦

መጋረጃ ጀርባ፣ ያልኸው አሳምኖኛል። ጋሼ ሸክላ ሰብሳቢ፣ እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የሾናርን ቦታ ካነበብሁ በኋላ ዛሬ ማታ መልሼ አዳመጥሁት። ልመናዬን ግን አልተውሁም፤ እንዲያውም ጠነከረ። አንዷ ሌላዋን ተሸክማ ካቆመቻት፣ የቆመችውን ሄዶ ማየት የእኛ ድርሻ ነው።

የታሪክ አንባቢ ጻፈ፦

እኔ ዐይኔን የጣልሁት «አይዳ» ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለዚህ መድረክ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለ ታሪኳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች፤ ማንነቷን ደብቃ አገሯን የሚወጋውን የጦር አዛዥ ራዳሜስን አፍቅራለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። «አይዳ» የተጻፈችው ለስዊዝ ቦይ ምረቃ አይደለም፤ የካይሮው ኦፔራ ቤት በ1869 የተከፈተውም በ«ሪጎሌቶ» ነው። የግብፅ ገዥ የነበረው ኬዲቭ እስማኤል ሥራውን ለቬርዲ ያዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። የታሪኩን መነሻ የጻፈው ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ አጥኚ ኦጉስት ማሪየት ነበር። አልባሳቱና የመድረኩ ሥዕሎች ፓሪስ ውስጥ ተሠርተው ሳሉ የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ከበበና መውጫ አጡ። በዚህ ምክንያት ትርዒቱ እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ዘገየ። ቬርዲ ካይሮ አልሄደም። የታደሙት ሹማምንትና ተጋባዦች ብቻ መሆናቸውን ሲሰማም ተከፋ፤ ለእርሱ እውነተኛው የመጀመሪያ ምሽት በየካቲት 1872 ሚላን ውስጥ በላ ስካላ የቀረበው ነው።

አሁን ይህን አስቡት። በመድረኩ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል አድርጋ ምርኮኞች ስታሰልፍ ያስጨበጨበው ኬዲቭ፣ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ እውነተኛ ጦር ላከ። በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት መለሰው። ኦፔራው ይህን አያውቅም፤ እኔ ግን የድሉን ሰልፍ በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ረጃጅም መለከቶች ሌላ ነገር ይነግሩኛል። በሥራው ውስጥ «ኢትዮጵያ» የተባለችው የጥንቱ የዓባይ ሸለቆ አገር መሆኗን አውቃለሁ፤ በሦስተኛው ገቢር የሚጠቀሰው የናፓታ ገደል ዛሬ በሱዳን ክልል ያለው የኩሽ መንግሥት መዲና ነው። ቢሆንም ስሙ ስማችን ነው።

ሰልፉን ግን አትጠብቁ፤ የሦስተኛውን ገቢር ጠብቁ። ሌሊት ነው፣ ወንዝ ዳር ነው፤ ቫዮሊኖቹ አንዲት ኖታ ከላይ ከታች እያሉ የውኃውን ነጸብራቅ ያሳያሉ። አይዳ ዳግመኛ የማታየውን አገሯን ታስባለች። አባቷ አሞናስሮ ይመጣና የጠላት ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከፍቅረኛዋ አፍ እንድታወጣለት ይጠይቃታል። እምቢ ስትለው «አንቺ ልጄ አይደለሽም፤ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ» ይላታል። ከዚያ በኋላ በተሰበረ ድምፅ የምትመልስለት ሐረግ አለ፤ አገሬ ሆይ፣ ምን ያህል አስከፈልሽኝ የሚል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሊዮንታይን ፕራይስ በጥር 1985 የኒው ዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የተሰናበተችው በዚህ ሥራ ነው፤ ቅጂው አለ፣ ፈልጋችሁ አዳምጡ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር ደግሞ አለ። የነጭ ዘፋኝን ፊት ጥቁር ቀለም መቀባት ይብቃ። በ2022 ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አንጀል ብሉ ከጣሊያኑ የቬሮና የኦፔራ ፌስቲቫል ራሷን ያገለለችው ለዚህ ነው፤ በሌላ ሥራ ልትዘፍን ተመዝግባ ሳለ በዚያው መድረክ «አይዳ» በቀለም መቅረቧን ስላየች። ከመሄዴ በፊት የኦፔራ ቤታችሁ የዚህን ዘመን ዝግጅት ፎቶግራፍ እስኪያወጣ እጠብቃለሁ።

አልቶ ከኋላ ረድፍ ጻፈች፦

እኛም በልምምድ ክፍል ይህንኑ አንሥተናል። ቀለም የለም፤ በጽሑፍ ተነግሮናል። በነጻነት ና።

ሰሌዳ አንቀሳቃሽ ጻፈች፦

አዲስ አድማጭ የትርጉም ሰሌዳውን ስትጠይቅ ልቤ ደስ አለው፤ ሥራዬ ነውና። ዘንድሮ የምጠብቀው «የፊጋሮ ጋብቻ»ን ነው።

ሰሌዳውን ኮምፒውተር በራሱ አይለውጠውም። እኔ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች መስተዋት ክፍል ውስጥ ኖታውን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤ ሲጀምር እጫነዋለሁ። ኦርኬስትራው በአንዱ ምሽት ይፈጥናል፣ በሌላው ይዘገያል፤ ሰው ካልተከተለው መስመሩ ይሳሳታል።

በ«ፊጋሮ» ግማሽ ሰከንድ ዋጋ አለው። ዳ ፖንቴ የጻፈው ግጥም በቀልድ የተሞላ ነው። በሁለተኛው ገቢር የቤቱ ጌታ ኮንት አልማቪቫ ጓዳው ውስጥ የተደበቀው ወጣቱ አሽከር ኬሩቢኖ እንደሆነ አምኖ ሰይፉን መዝዞ ይጠብቃል፤ በሩ ሲከፈት የምትወጣው የሚስቱ ደንገጡር ሱዛና ናት። መስመሩን ከቀደምሁ አዳራሹ ሱዛና ከመውጣቷ በፊት ይስቃል፤ ዘፋኟም የወጣችበትን ነገር ታጣለች። ከዘገየሁ ደግሞ ሳቁ የሚቀጥለውን ሐረግ ይሸፍነዋል። በአንድ ምሽት ቀድሜ ተጫንሁና ሱዛና የምትዘፍነው ወጣት ወደ ሰሌዳው ቀና ስትል አየኋት። ከትርዒቱ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሚቀጥለው ምሽት እርሷ በሩን ስትከፍት እኔ ሰሌዳውን ባዶ ተውሁት። ምንም ጽሑፍ አልነበረም። ሰዉ ፊቷን አየ፣ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቦታ ባዶ እተዋለሁ።

ስለዚህ አዲስ አድማጭ፣ ሁሉን ነገር ለማንበብ አትሞክሪ። ሰሌዳው ባዶ ሲሆን ተበላሸ አትበዪ፤ መድረኩን ተመልከቺ እያልሁሽ ነው። በአራተኛው ገቢር መጨረሻ ኮንቱ ተንበርክኮ ሚስቱን ይቅርታ ሲጠይቃት ያን ሁሉ ሩጫና ውሸት አንድ የጸጥታ ሐረግ ይዘጋዋል። እዚያ የማሳየው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

አጭር ምሽት ጻፈ፦

እኔ «ጁሊዮ ቼዛሬ»ን አልገዛም። ከነእረፍቱ አራት ሰዓት የሚጠጋ ነው። ዘፋኙ አንድ ሐሳብ ይዘፍናል፣ ሁለተኛ ሐሳብ ይጨምራል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ደግሞ ይመልሰዋል። ሰማሁት እኮ!

የሸክላ ሰብሳቢ ጻፈ፦

ልጄ፣ የሚመለሰው ያው አይደለም። ሃንደል በ1724 ለንደን ውስጥ ሲያቀርበው ቼዛሬን የዘፈነው ሴነሲኖ የሚባል ካስትራቶ፣ ማለት ድምፁ ቀጭን እንዲቀር በልጅነቱ የተሰለበ ዘፋኝ፣ ነበር፤ ዛሬ በሜዞ ሶፕራኖ (መካከለኛ የሴት ድምፅ) ወይም በካውንተርቴኖር (ቀጭን የወንድ ድምፅ) ይዘፈናል። የመጀመሪያውን ክፍል ሲመልሱት ዘፋኙ በራሱ ጌጥ እያጌጠ ነው። ኖታው ላይ ያልተጻፈውን እርሱ ይጨምረዋል። ሰው አንድን ቅሬታ ሲናገርና ካሰበበት በኋላ ያንኑ ቅሬታ ሲደግመው ቃሉ አንድ ቢሆንም ድምፁ ይለወጣል። መልሱን የምንሰማው ያንን ለውጥ ለማግኘት ነው። ክሊዮፓትራ ተማርካ የምትዘፍነውን የልቅሶ አሪያ (የብቻ ዘፈን) ብቻ ሰምተህ ፍረድ። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ በመካከል ሞቼ እንኳ መንፈሴ ያሳድድሃል ብላ በወንድሟ ላይ ትዝታለች፤ ከዚያ ልቅሶው ሲመለስ ቁጣው ውስጡ ቀርቷል።

አጭር ምሽት ጻፈ፦

እሺ ጋሼ። አሪያውን ሰማሁት። ሁለት ጊዜ። ቲኬቱን ግን ገና እያሰብሁበት ነው።

የሁለት ልጆች እናት ጻፈች፦

ለ«ሃንዘልና ግሬትል» አራት ቲኬት ወስጃለሁ። ሥራው የተጀመረው የሁምፐርዲንክ እኅት ለልጆቿ በጻፈችው ጨዋታ ላይ እርሱ ዜማ ሲጨምርበት ነው፤ በ1893 ቫይማር ላይ ሲቀርብ ኦርኬስትራውን የመራው ሪቻርድ ሽትራውስ ነው። ታላቅ ልጄ ሃንዘልን ሴት እንደምትዘፍነው ስነግራት በጣም ነው የገረማት። ሰሌዳ ማንበብ የማይችል ሕፃን ላላችሁ፣ ታሪኩን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የማታውን ጸሎት ዜማ ደግሞ ቤት ውስጥ አሰሟቸው። አዳራሹ ውስጥ ሲሰሙት የሚያውቁት ሰው ያገኙ ያህል ይደሰታሉ።

ሦስተኛው ሰገነት ጻፈ፦

ስለ «ኢኖሰንስ» ማንም አልተነፈሰም። እኔም «ዬኑፋ» ብቻ እያልሁ ረሳኋት፤ ይህም ጥፋት ነው።

ካይያ ሳሪያሆ የፊንላንድ የሙዚቃ ደራሲ ነበረች፤ በሰኔ 2023 ዐረፈች። «ኢኖሰንስ» በሐምሌ 2021 በፈረንሳይዋ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ የመጨረሻ ኦፔራዋ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ ሠርግ አለ። አስተናጋጅ ሆና የመጣችው ሴት ልጇ ከዐሥር ዓመት በፊት በትምህርት ቤት ጥቃት ተገድላባታለች። ገዳዩ የሙሽራው ወንድም ነበር። ሙሽራዪቱ አታውቅም። ከጥቃቱ የተረፉት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ቋንቋ። የሞተችው ልጅ ድምፅ ደግሞ ከሌሎቹ የኦፔራ ድምፆች የተለየ ነው፤ ከፊንላንድ የገጠር የሕዝብ ዘፈን የመጣ። እናትዬዋ ስትሰማት እኛም እንሰማታለን፤ ከሌላ ዓለም መሆኗን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። እረፍት የለውም፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

አዲስ ሙዚቃ ይከብደኛል ለምትሉ፣ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ይህንን ስሰማ ግን ዜማውን ለመያዝ አልታገልሁም። ሙዚቃው ከጠረጴዛው ሥር እንደሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፤ ሠርገኞቹ ሲስቁም አይቆምም። ይህም የሚቀርበው አራት ጊዜ ነው።

መጋረጃ ጀርባ ጻፈ፦

ለእርሷ የሚያገለግለው መድረክ ዲዛይኑ ደርሶናል። የሠርጉ አዳራሽና ትምህርት ቤቱ ባንድ የሚሽከረከር ሕንፃ ላይ ነው። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

አዲስ አድማጭ ጻፈች፦

ገዛሁ። «ዬኑፋ»፣ ሁለተኛው ምሽት፣ ሦስተኛ ሰገነት፣ ከግራ በኩል። እህቴንም ይዣት ልሄድ ነው። አስቀድሜ ማዳመጥ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ሁለታችሁ ሁለት ዓይነት እንደምትሉ ጠርጥሬአለሁ።

የሸክላ ሰብሳቢ ጻፈ፦

አዳምጪ። የኦርኬስትራ መሪው ቻርልስ ማከራስ በ1982 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጸው አለ። ፕራግ ሥራውን ብርኖ ውስጥ በ1904 ከቀረበ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት አስጠብቃ በ1916 ስትቀበለው የኦፔራው ኃላፊ ኦርኬስትራውን በእጁ አለዝቦት ነበር፤ ዓለም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሰማው ያንን ነው። ማከራስ ያናቼክ ራሱ ወደጻፈው መለሰው።

ሦስተኛው ሰገነት ጻፈ፦

እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ገቢር ብቻ አዳምጪ እላለሁ። ሁለተኛውን እዚያው ስሚው። መስኮቱን ልብ በዪ። በገቢሩ መጨረሻ ነፋሱ በርግዶ ይከፍተዋል፤ ያን ጊዜ ኮስተልኒችካን ተመልከቺ።

አልቶ ከኋላ ረድፍ ጻፈች፦

እኔን ከፈለግሽኝ በሦስተኛው ገቢር በረዶው ስር የተገኘውን ሲያወሩ ከሚሮጡት መንደርተኞች መካከል ነኝ፤ አረንጓዴ ሻሽ ያሰርሁት። የመጀመሪያው የቼክኛ ትምህርታችን ሰኞ ነው።